በመንገደኞቹ ጎጆ አስታማሚ ሳለሁ

የሕክምና ሥራዬን የጀመርሁት የበሽተኛ ጢም አቃጥዬ ነው።

እናንተ ዛሬ ነጭ ልብስ ለብሳችሁ የምትመላለሱ ልጆች ስለ መጀመሪያ የሥራ ቀናችሁ ስትጠየቁ የምትናገሩት ቁም ነገር አታጡም። እኔ ያለኝ እሳት ብቻ ነው። ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከኾሩ ወዲህ ባለው ጉብታ በተተከለው ሆስፒታል ጠራጊ ሆኜ ተቀጠርሁ። ኾር የምንለው ክረምት የሚሞላውን በጋ የሚደርቀውን ወንዝ ነው፤ ከእሱ ማዶ ገላባት፣ የእንግሊዝ ሱዳን ነው። ከዚያ በፊት ከጭልጋ በበቅሎ ጭነት አወርድ ነበር። በቅሎዬን ለመድፍ ወሰዷት፤ እኔን ለመጥረጊያ። ከሁለታችን የተሻለ ሹመት ያገኘችው እሷ ናት።

አርበኛ ነበርሁ ብዬ ብጽፍ ዛሬ የሚያጋልጠኝ የለም፤ እኩዮቼ አልቀዋል። በዚያን ጊዜ ግን አርማጭሆ ጫካ የነበሩት ጠመንጃ ይዘው ነበር፣ እኔ መጥረጊያ። እንዲህ ብሎ መጀመር ይሻላል።

የክፍላችን አለቃ ሙንታዝ ሀብቴ ይባሉ ነበር፤ ከሐማሴን የመጡ አስታማሚ ናቸው። ሙንታዝ በጣሊያን ጦር ውስጥ ለአገር ልጅ የሚሰጥ እንደ አሥር አለቃ ያለ ማዕረግ ነው። በዚያ ጠዋት አንድ ጠርሙስ አልኮልና አንድ ጨርቅ ሰጡኝ።

«አልጋዎቹን በዚህ ትወለውላለህ። ትኋን ይገድላል» አሉኝ።

መጀመሪያ የደረስሁበት አልጋ ላይ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ረጅም፣ ጥቁር ሰው ተቀምጧል። ተክሩሪ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው በእግራቸው ወደ መካ ከሚሄዱት ወገን። የመንገዱ አቧራ ገና አልለቀቀውም። እኔም ደግ ልሁን ብዬ አልጋውን ከወለወልሁ በኋላ ሰውየውን ወለወልሁት። ፊቱን፣ አንገቱን፣ ጢሙን ሳይቀር። ሰውየው ዝም ብሎ አስወለወለኝ፤ የጣሊያን ሥርዓት ነው ብሎ ይሆናል።

ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ከዚያ ይንፈራገጥ ጀመር። የሚጥል በሽታ ነው። በአገሬ የጣለውን ሰው ክብሪት ጭረው ጭሱን ያሸቱታል። ደግሞም አረፋው የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ይባላል። እኔ ሁለቱንም አጥብቄ አውቅ ነበርና ሁለቱን እውቀቴን አንድ ላይ አደረግሁ። ክብሪቱን በመጥረጊያው እንጨት ጫፍ ላይ አሰርሁና ለኩሼ፣ ከሩቅ ቆሜ ወደ አፍንጫው ሰደድሁት።

ሰማያዊ ነበልባል በጢሙ ላይ ሮጠ። የወለል ማጠቢያውን ባልዲ አንሥቼ ደፋሁበት።

ሰውየው ሲነቃ ግማሽ ጢሙ የለም፣ ከራሱ እስከ ወገቡ ርሷል። በዐረብኛ «ዝናቡ ገባ እንዴ?» አለ።

በሚቀጥለው አልጋ ሰዒድ የሚባል የየመን ሱቀኛ ተኝቶ ነበር፤ የቀኝ ጎኑ ደርቆበታል። የሚስቀው በአንድ በኩል ብቻ ነው። «ገባ» አለው፤ «መብረቁ ግን ቀደመው።»

ሙንታዝ ሀብቴ ዶክተሩን ጠርተው መጡ። ዶክተሩ ጣሊያን ነው፤ ማዕረጉ ሻምበል፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል። ጢሙን አየ፣ እንጨቱን አየ፣ እኔን አየ። ሰውየውን አገላብጦ መረመረና ቆዳው ቀላ እንጂ እንዳልተላጠ አረጋገጠ።

«ይህ ሰው ከዚህ በፊት ምን ይሠራ ነበር?» አለ። ሙንታዝ ያስተረጉማሉ።

«በቅሎ ነጂ ነበር፣ ጌታዬ።»

«በቅሎዎቹ ጢም ስለሌላቸው ነው የተረፉት። ከዛሬ ጀምሮ ይህን በሽተኛ እሱ ያስታምመው። ከአጠገቡ እንዳይለይ።»

እኔ ቅጣት መስሎኝ ነበር። ለካ ሹመት ነው። በአንድ ቀን ከጠራጊ ወደ አስታማሚ ያደገ ሰው ከእኔ በቀር አላውቅም።

የበሽተኛው ስም አደም ነበር።

ሆስፒታሉ በአንድ ግቢ ሦስት ዓይነት ነበር። ነጮቹ በቆርቆሮ በተከደነ የድንጋይ ቤት ይተኛሉ። ወታደሮቹ በድንኳን። ከኋላ በማሽላ አገዳ የታጠረ፣ ሣር የለበሰ ረጅም ጎጆ ነበር፤ የመንገደኞቹ ጎጆ እንለዋለን። እዚያ የሚገባው አገር የሌለው ሰው ነው። ተክሩሪው፣ የመን፣ ከሱዳን ለጥጥ ለቀማ የመጣው፣ ከጎጃም ለአረም ወርዶ ጓያ እግሩን የያዘው። ዶክተሩ ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ በሽታ ማወቅ ይወድ ስለ ነበር፣ ራሱን የሚጥለውን፣ ሽባውን፣ ወባ ራሱ ላይ ወጥታ የሚያስለፈልፈውን ሁሉ ወደዚያ ይሰበስብ ነበር።

ሥራውን ሙንታዝ ሀብቴ አስተማሩኝ። ሽባ ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ከተኛ ይቆስላል፤ ስለዚህ ጎን እናዞራለን፣ ተረከዙንና ዳሌውን በካምፎር ዘይት እናሻለን። ግማሽ አፉ የደረቀበት ሰው ምግብ የሚጎርሰው በደህናው ጉንጩ ነው፤ ሰዒድን በቀኝ በኩል አጉርሼው ገንፎው ሁሉ አንገቱ ሥር ሲወርድ «እኔን ነው ወይስ ትራሱን የምታበላው?» ብሎኛል። የሚጥለው ሰው ሲወድቅ በጎኑ ይተኛል፣ ራሱ ሥር ጨርቅ ይገባል፣ አንገቱ ላይ ያለው ሁሉ ይፈታል። ያን ጊዜ ማንኪያ በፋሻ ጠቅልለን ጥርሱ መሃል እናገባ ነበር። ዛሬ ክልክል ነው ይሉኛል። ያን ጊዜም ቢሆን የእኔ ጣት አብሮ ገብቷል፤ ምልክቱ አለ።

በትምህርቱ ውስጥ ክብሪት አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ።

አረፋውን ግን ፈራሁ። አደም በሁለተኛው ቀን ሲወድቅ ማንኪያውን ይዤ ከሩቅ ቆምሁ። ሚስቱ ሐዋ በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሮጣ ገባችና የለበሰችውን ሻሽ ከራሱ ሥር አነጠፈች፤ አረፋውንም በመዳፏ ጠረገች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ያ አኺ፣ ያዝ እንጂ። ይኸው እኔ ከተጋባን ጀምሮ እይዘዋለሁ፤ ስወድቅ አይተኸኛል?»

እንደ ወንድም «ያ አኺ» ስላለችኝ አፈርሁና ያዝሁት። ራሱ ከባድ ነበር፤ ውሃ እንደ ሞላ እንስራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይኸው ደርሻለሁ፣ አልወደቅሁም። የወደቅሁት በሌላ በሌላ ነገር ነው።

አደም ሲመዘገብ የተባባሉትን አልረሳም። ሙንታዝ ሀብቴ «አገርህ?» አሉት።

«መንገድ» አለ።

«የተወለድህበትን ነው የጠየቅሁህ።»

«እሱንማ ነው የምነግርህ። አባቴ ከካኖ ተነሣ። እኔ ዳርፉር ላይ ተወለድሁ፤ የወተት ጥርሴ ኦቤይድ ረገፈ፤ አባቴን ገዳሪፍ ቀበርሁት። የቱን ትወዳለህ?»

ሙንታዝ የሆነ ነገር ጻፉ። ምን እንደ ጻፉ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር።

የአደም ሥራ ጉድጓድ መቆፈር ነበር። ወደ መካ የሚሄደው ተክሩሪ ስንቁ ሲያልቅ በደረሰበት አገር ይሠራል፤ አንዱ ጥጥ ያርማል፣ አንዱ ክታብ ይጽፋል፣ እሱ ውሃ ያወጣል። በሽታው የጀመረው ገዳሪፍ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በገመድ ስቦ ያወጣው ጓደኛው ሁለተኛ አብሮት አልሠራም። ከዚያ ወዲህ ማንም አላሠራውም። አባቱ ሲሞት «እኔንም አንተንም መካ አድርሰን» ብሎታል። ሐጃጆች በሚቆሙበት በዐረፋ ሜዳ በቆመ ጊዜ ለሁለት ሰው ሊቆም ነው።

ችግሩ ካሚዮኑ ነበር።

ክረምት ሲያልፍ፣ የመተማ ዋልካ፣ ያ ጥቁር ጭቃ፣ ደርቆ ጎማ የማይዝ ሲሆን፣ የጦሩ ካሚዮኖች ወደ ጎንደር ይወጣሉ፤ ከዚያ በአሥመራ አድርገው ምጽዋ ድረስ ይወርዳሉ። ከምጽዋ መርከብ አለ። ባዶ ቦታ ሲኖር መንገደኛ ይጭናሉ። ባለፈው ዓመት ግን አንድ የሚጥለው ሰው ቁልቁለት ላይ ከጭነት ወድቆ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የሚጥለው ሰው እንዳይጫን ተከለከለ፤ ዶክተሩ ደህና ነው ብሎ ካልፈረመ አይሳፈርም። በእግሩ እንዳይሄድ ደግሞ ከጭልጋ በላይ ውጊያ ነው።

ዶክተሩ የአደም አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና በሙንታዝ አስተርጓሚነት ነገረው። «ሉሚናል የሚባል ኪኒን አለ። ጠዋትና ማታ ትውጣለህ። ክረምቱን ሙሉ ሳትወድቅ ከከረምህ እፈርማለሁ። አንድ ጊዜ ከወደቅህ አልፈርምም።»

አደም ዶክተሩን አላየውም፤ ሐዋን ነው ያየ። እሷ በዐይኗ እሺ አለችው።

በመጀመሪያው ሳምንት ኪኒኑ እንቅልፍ አበዛበት። ቆሞ እያወራ ዓይኑ ይከደናል። ሰዒድ «ይህን ሰው ፈወሳችሁት እኮ፤ ለመውደቅ እንኳ ሰነፈ» አለ። ደግሞ ሰዒድ ራሱ አደም እንደ ገባ ሰሞን አልጋዬን አርቁልኝ ብሎ የጮኸ ሰው ነው። እየቆየ እንቅልፉ ቀለለው። መውደቁም ቀረ። ሐምሌ ገባ፣ አልወደቀም። ኾሩ ሞልቶ ከማዶ የሚመጣ ጠፋ፣ ወባው በረታ፣ ከጎጆው በየቀኑ ቃሬዛ ይወጣል፤ እሱ አልወደቀም።

ሲሻለው ሥራ ፈለገ። የሆስፒታሉ ጉድጓድ አፉ ተደርምሶ ነበርና ልጠግነው አለ። ዶክተሩ «እሱ እንዳይገባ፤ ሌላ ሰው ይግባ» አለ። ሌላ ሰው እኔ ነኝ። አደም ጉድጓዱ አፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ ያስተምረኛል፤ እኔ ውስጥ ሆኜ ድንጋይ እደረድራለሁ።

«ያ ተገኘ» ይለኛል በስሜ ጠርቶ፣ «ድንጋዩን በሆዱ አስተኛው።»

«ሆዱ የቱ ነው?»

«ሰፊው ጎኑ ነው፤ ያንተን ሆድ አላልሁህም።»

ግድግዳውን ሠርቼ ስጨርስ መውጫ መርገጫ አላስቀረሁም። በገመድ ጎትተው አወጡኝ፤ በዚያ ክረምት ጎጆው ሙሉ የሳቀበት ቀን እሱ ብቻ ይመስለኛል። ጓያ እግሩን የያዘው ጎጃሜ ሳይቀር በዳዴ መጥቶ አየኝ።

ሰዒድ በወጣትነቱ መካ ደርሷል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሣሩን ሲደበድብ ያወራል፤ አደምና ሐዋ ይሰማሉ። እኔ እግሩን እያሸሁ እሰማለሁ።

«ዋናው ዐረፋ ነው» ይላል። «ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ እስክትገባ ሜዳው ላይ ትቆያለህ፤ ትለምናለህ። ያን ቀን ያጣ ሐጁን አጣ። በሚቀጥለው ዓመት ይመለስ።»

«እዚያ ሰው ቢወድቅስ?» አለ አደም።

«ፀሐይ ነው፣ ሰዉ እንደ አንበጣ ነው። የወደቀ ይረገጣል። አይ፣ ሰይጣን ያደረበት ነው ካሉ ደግሞ አንሥተው ከሜዳው ያወጡታል።»

«ከወጣስ?»

«ቀኑ አመለጠው።»

እኔ ቀልድ የማጣበት ጊዜ የለም፤ «አንተ ደግሞ ከእንግዲህ የት ትወድቃለህ! ብትወድቅም እኔ የሠራሁት ጉድጓድ ውስጥ ነው» አልሁት። አልሳቀም። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ነሐሴ ሲጋመስ የሰዒድ ደህናው ጎንም ዝም አለ። አደም ነው ከተክሩሪዎቹ ጋር አጥቦ የቀበረው።

መስከረም ላይ ዶክተሩ ፈረመ። አደም ፊርማውን አልጠየቀም፤ ሐዋ ግን ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ ነካችው። እንዲወጣ ሲፈቀድለትም ከጎጆው ወጥቶ ተክሩሪዎች ሰፈር ከሐዋ ጋር መኖር ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ኪኒኑን ጠዋትና ማታ እኔ ነበርሁ የማስውጠው፤ ውሃውን ይዤ። አሁን የሚበቃውን ያህል በጨርቅ ቋጥረው ሰጡት፤ ለመንገዱም ጭምር። ሙንታዝ ሀብቴ በቃሉ አስጠኑት።

«ጠዋት?»

«አንድ።»

«ማታ?»

«አንድ።»

«ጎበዝ።»

ዋልካው ግን ቶሎ አልደረቀም፤ ካሚዮኖቹ ወደ ጥቅምት ተሻገሩ። አደም በገበያ ቀን እየመጣ ያየኛል። ጢሙ እንደገና አድጓል፤ እኔ ያቃጠልሁት ጎን ግን ከሌላው አጭር ነው። «ወደቅህ?» እለዋለሁ። «አልሓምዱሊላህ» ይለኛል። «ኪኒኑን ይዘሃል?» እለዋለሁ። ደረቱን መታ አድርጎ «ይዣለሁ» ይለኛል። በዚህ እንለያያለን። አስታማሚ ማለት እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው የምመለስ።

ካሚዮኑ የሚነሣበት ጠዋት ሐኪም ቤቱም ሊሸኝ ወጣ። ለጎንደር የሚሄድ ጥጥ ይጫናል። አደም አዲስ ጀለቢያ ለብሷል። ዝም ብሎ መቆም አልሆነለትም፤ ጀለቢያውን ሰብስቦ ጥጡን ከጫኞቹ ጋር ያቀብል ጀመር። ፀሐዩ ገና ጠዋት ሳለ ያቃጥላል። አንዱን ጆንያ ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆመ። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ከዚያ ያን ጩኸት ጮኸ።

ጎማው አጠገብ ወደቀ። ጥጡ ላይ ስለ ወደቀ አልተጎዳም። የጭነቱ ኃላፊ አጎንብሶ አየውና ወደ ሙንታዝ ዞረ። «አይወድቅም ብላችሁ የፈረማችሁለት ይሄ ነው?»

እኔ ራሱን ያዝሁ። ያልፋል ብዬ ጠበቅሁ። አለፈ፤ ሳይነቃ ደግሞ ያዘው። ቃሬዛ አመጣንና ወደ ጎጆው ወሰድነው። መንገድ ላይ ደግሞ ያዘው። ሐዋ ከጎናችን ትሮጣለች፣ እጇ ጉንጩ ላይ ነው።

ዶክተሩ መርፌ ሊወጋው የክንዱን ሥር ፈለገ። ክንዱ ላይ እንደ ተክሩሪ ሁሉ በቆዳ የተሰፉ ክታቦች አሉ፤ አሮጌዎቹ በላብ ጠቁረዋል፣ አንዱ ግን አዲስ ቀይ ቆዳ ነው። ሙንታዝ በመቀስ ቆረጡት። ከቆዳው ውስጥ ኪኒኖች ረገፉ። አልጋው ላይ፣ ወለሉ ላይ። ከላብ የተነሣ የተጣበቁም ነበሩ።

ዶክተሩ አንዱን አንሥቶ አየው። መርፌውን ወጋው፤ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰጠው። ኪኒን በመፍጨት በቱቦ ለመስጠት ሞከሩ። እኔ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ እለዋውጥ ነበር። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ግሏል። አንዱ ሳይለቀው ሌላው ይይዘዋል።

«ለምንድን ነው ያልዋጠው?» አለ ዶክተሩ። ሙንታዝ ለሐዋ አስተረጎሙ።

ሐዋ ባሏን እያየች መለሰች። «ውጧል፤ እስኪሻለው ድረስ ውጧል። አሁንማ ደህና ነበር። ደህና ሰው መድኃኒት ይጨርሳል? እህል በጥጋብ ጊዜ ተበልቶ ያልቃል? ለዐረፋ አስቀመጠው። የትም ብወድቅ ግድ የለኝም፣ እዚያ አልወድቅም አለ።»

ሙንታዝ አስተረጎሙ።

ዶክተሩ ኪኒኑን መዳፉ ውስጥ እንደያዘ ወደ በሩ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። «ስንት እንደሚውጥ ነገርሁት» አለ። «መቼ እንደሚውጥም ነገርሁት። ድንገት ቢያቆም ምን እንደሚመጣበት አልነገርሁትም።»

ማንም የነገረው የለም። እኔ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት።

ከቀትር በኋላ አደም ዝም አለ። ራሱ እጄ ላይ ነበር።

ተክሩሪዎቹ አጥበው፣ ከፍነው፣ ፀሐይ ሳትገባ ቀበሩት። ከሰዒድ አጠገብ ነው።

የካሚዮኑ ባሌስትራ ተሰብሮ ስለ ነበር ጉዞው ለማግስቱ ዞረ። በማግስቱ ጠዋት ሐዋ ዕቃዋን ተሸክማ ካሚዮኑ ዘንድ ቆማ አገኘናት። የጭነቱ ኃላፊ «ፈቃዱ የባልሽ ነው፤ ባልሽ ሞቷል» አላት። እሷም «እሱ አባቱን ተሸክሞ ነበር የሚሄድ። እኔ ሁለቱን ተሸክሜ እሄዳለሁ» አለችው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ዶክተሩ ከኋላችን መጥቶ ኖሯል፤ ወረቀቱን ተቀብሎ አንድ ቃል ሰርዞ ሌላ ጻፈበትና መልሶ ሰጠው። «ይህች አትወድቅም» አለ። ሐዋን ሌሎቹ ተክሩሪ ሴቶች ስበው ጥጡ ላይ አወጧት።

ከዚያ በኋላ በሕክምና ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ኖርሁ። ጣሊያን ሲወጣ ድሬሰር ሆንሁ፣ ማንበብ ተማርሁ፣ ገንዳ ውሃ በሚባለውም ከተማ በሳንጃም ሠራሁ፣ የሚጥላቸው ብዙ ሰዎች በእጄ አለፉ። ከሁሉም የያዝሁት ትምህርት ይህ ነው። ለበሽተኛ መድኃኒት ስትሰጥ መዋጡን ተመልከት። ከዚያም፦ «ሲሻልህ በዚህ መድኃኒት ምን ልታደርግበት አስበሃል?» ብለህ ጠይቀው። ድንገት ቢያቆም ምን እንደሚሆንም በሚገባው ቋንቋ ንገረው። ሌላ ረቂቅ ነገር የለውም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሐዋ በዚያ ጠዋት ከመሳፈሯ በፊት ለባሏ ነፍስ ሰደቃ ብላ ፉራ ሠርታ መጥታ ነበር፤ የማሽላ ድብልብል በወተት የተበጠበጠ ነው። ለእኔ በትንሽ ቅል ሰጠችኝ። ቆሜ በላሁ። በእነሱም ዘንድ በእኛም ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ስኳር ልጨምርበት ብዬ ወደ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሮጥሁ። ወጥ ሠሪው የማን ፈቃድ አለህ፣ ለማን ነው፣ ለምንድን ነው እያለ አዘገየኝ፤ ሰፍሮ ሰጥቶኝ ስመለስ ካሚዮኑ የለም፤ በጎንደር መንገድ፣ በኮኪት በኩል አቧራው ብቻ ይታያል። ቅሉን ከፍ አድርጌ እንደ ሞኝ ትንሽ ሮጥሁ።

ስኳሩን ያው እኔው ላስሁት። ቅሉ ቤቴ አለ። ለሐዋ አንድ ቅል፣ ሙሉውን፣ አለብኝ።